ለአውቶቡሱ ነበር የፈረምኩት

— ሄሎ? … ሄሎ፣ ማን ልበል? … አቤት፣ ጋሽ ዘርይሁን። … እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነን። … ልጆቹም ደህና ናቸው። … አባታቸው ሳህሌም ደህና ነው፣ ሂትሮው ኤርፖርት ነው፣ ሥራ ገብቷል። … አይ፣ ድምፄ ምንም አልሆነም።

— አልታመምኩም አልኩዎት እኮ፣ ጋሼ።

— ሃይሚ! ቴሌቪዥኑን ቀንሺልኝ እስቲ። ወንድምሽንም አንሺው፣ የቻርጀሩን ገመድ አፉ ውስጥ ሊከተው ነው። … ይቅርታ ጋሼ፣ ልጆቹን ነው። ይቀጥሉ።

— አዎ፣ የዛሬውን ስብሰባ አውቃለሁ። … የወረዳው ካውንስል አዳራሽ፣ በነሱ አቆጣጠር ከምሽቱ ስድስት ተኩል። … አዎ፣ ስለ አዲሱ ትምህርት ቤት። ድምፅ የሚሰጡበት። … ፊት ወንበር ይዘውልኛል? ለእኔ? … እሺ። … የሐበሻ ቀሚስ? የሐበሻ ቀሚስ ለምኑ ነው? … ፎቶ አንሺ ይመጣል። … ሌዊንም ታቅፌ።

— ቆይ፣ ቆይ፣ በደንብ እንዲገባኝ። ቀሚሴን ለብሼ፣ ሕፃኑን ታቅፌ፣ ፊት ወንበር ላይ እቀመጣለሁ። ከዚያስ? … ሲጠሩኝ እነሳለሁ። … በአማርኛ ሁለት ቃል እናገራለሁ። … እርስዎ ይተረጉሙልኛል።

— እርስዎ! ይተረጉሙልኛል!

— አይ፣ አልሳቅኩም። ይሄ ሳቅ አይደለም፣ ጋሼ።

— እኔም ልደውልልዎ ነበር። ከትናንት ጀምሮ ስልኩን አነሳለሁ፣ መልሼ አስቀምጣለሁ። በምን አፌ እንደምናገርዎ ጨንቆኝ ነው። አሁን ራስዎ ደወሉ። … መኪና እየነዱ ነው? … እንግዲያው ጥግ ይያዙ። … አይ፣ ኋላ አይሆንም፣ አሁን ነው። ይያዙ፣ እጠብቃለሁ።

— ቆሙ? … እሺ።

— ትናንት ትምህርት ነበረኝ። … አዎ፣ ላይብረሪው ፎቅ ላይ ያለው፣ የማንበብና የመጻፉ። … አሁንም እሄዳለሁ እንጂ! ሁለት ዓመቴ ነው እኮ። ትናንት አስተማሪያችን መጽሐፉን አላወጣችም። የካውንስሉን ወረቀት ታቅፋ መጣች፣ እንዲህ የሚያህል! «ይሄ ላይብረሪ ሊዘጋ ነው፣ እኔም ከሥራዬ ልቀነስ ነው፤ ስለዚህ ዛሬ የምናነበው ስለ ራሳችን ነው» አለች። ለእያንዳንዳችን አምስት አምስት ገጽ አከፋፈለችን። «ሁሉን እናንብብ ብላችሁ አትጨነቁ፣ የምታውቁትን ቃል ፈልጉና አስምሩበት» አለችን።

— ወደዚያው ነው የምመጣው ጋሼ፣ ይታገሡኝ።

— ለእኔ የደረሰኝ መጨረሻው ነው። ዓረፍተ ነገር የለበትም፣ ስም ብቻ ነው፤ ስም፣ ስም፣ ስም። ቀለለኝ ብዬ ደስ አለኝ! እርሳሴን ይዤ፣ በጣቴ እየተከተልኩ ስወርድ… ጋሼ፣ እኔ በእንግሊዝኛ ከሁሉ አስቀድሜ ማንበብ የቻልኩት ቃል ምን ይመስልዎታል? … ስሜ ነዋ! ሁለት ወር ሙሉ ስሜን ስጽፍ ነው የከረምኩት። እሱ ደግሞ እዚያ ገጽ ላይ ቁጭ ብሎ ይጠብቀኛል። ጌጤነሽ። ከሥሩ ሳህሌ። ከሥሩ ሃይሚ። ከሥሩ ሔርሜላ። ከሥሩ ሌዊ!

— «እነዚህ ምንድን ናቸው?» አልኳት አስተማሪዬን። «እነዚህማ አዲሱ ትምህርት ቤት እንዲከፈት፣ የዚህ ላይብረሪ ሕንፃና ገንዘቡም ለእሱ እንዲሰጥ የጠየቁ ወላጆች ናቸው» አለችኝ። እኔ ደግሞ አስምሬበታለሁ። ቀጥ አድርጌ፣ አሳምሬ አስምሬበታለሁ። አየችው ወይ ብዬ እንደ ሌባ በእጄ ሸፈንኩት። የምትቀነሰው እሷ ነች! የምትቀንሳት እኔ ነኝ! ሁለት ዓመት እርሳስ አያያዝ ያስተማረችኝን ሴትዮ!

— ሄሎ? … ሄሎ፣ ይሰሙኛል? … መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ ነው።

— ፈርሜያለሁ። በገዛ እጄ ነው የፈረምኩት፣ መቼ ካድኩ? ግን ለምን ብዬ ነው የፈረምኩት? … ለአውቶቡሱ ነዋ! ለባሕር ዳርቻው ጉዞ! ያን እሁድ ቤተ ክርስቲያን ከጸሎት በኋላ አልታየሽ በሻዩ መሐል እርስዎ የሰጧትን ሁለት ወረቀት ይዛ ዞረች። «የቤተሰብሽን ስም በሙሉ ጻፊ፣ ኋላ ወንበር ያጥራል» አለችኝ። ጻፍኩ። ሁለተኛውን ስትዘረጋልኝ ደግሞ ጻፍኩ። አንዱ ለመሄጃ፣ አንዱ ለመመለሻ መስሎኝ!

— አዎ፣ ይሳቁ። እኔም የሌላ ሰው ታሪክ ቢሆን እስቅ ነበር።

— አልታየሽን አያንሷት! አልታየሽ ምን ታውቃለች? ዛሬ ጠዋት እዚህ ነበረች፣ ይኸው እዚህ ወንበር ላይ፣ ዓይኗ እስኪያብጥ አለቀሰች። እሷም ማንበብ አትችልም፣ ጋሼ። እርስዎ ይህን ያውቃሉ። ከሰማንያ ሰው መሐል መርጠው ማንበብ ለማትችለዋ ነው ወረቀቱን የሰጧት።

— እሺ፣ አልመረጡም። ደርሶባት ነው። እሺ።

— ሌዊ የአሥራ አንድ ወር ልጅ ነው! ገና ሁለት ጥርስ ነው ያበቀለው። ካውንስሉ ወረቀት ላይ ግን ወላጅ ተብሏል። ከኛ ጋር ትጸልይ የነበረችው ኪዲስ? ካናዳ ከሄደች ዓመት አለፋት፤ «ለጉዞው ትመጣ ይሆናል» ብላ አልታየሽ ጽፋታለች። ይሄ የኛ ልማድ ነው። ለቀረ ሰው ወንበር እንይዛለን፣ ለቀረ ሰው ስም እናስገባለን። ለሽርሽር ሲሆን ደግ ነው። እርስዎ ግን ያን ዝርዝር አገላብጠው አይተውታል፣ ቆጥረውታል፣ ፈርመውበት ሰጥተዋል። የሌዊን ስም ሲያነቡ ምን አሉ? ክርስትናውን… ምረቃውን የጸለዩለት እርስዎ አይደሉም?

— ክፉ ትምህርት ቤት ነው አላልኩም። … ሰምቻለሁ፣ ዩኒፎርሙ ጥሩ ነው። … ሥነ ሥርዓትም አለ። … ሰምቻለሁ ጋሼ፣ ሦስት እሁድ ሙሉ ሰምቻለሁ። ገንዘቡስ? ካውንስሉ ገንዘብ የለኝም ብሎ የሕፃናት መዋያውን ዘግቷል፣ የፓርኩን ሽንት ቤት ዘግቷል፣ አሁን ላይብረሪውን ሊዘጋ ነው። ለአዲስ ትምህርት ቤት ሲሆን ከየት መጣ? እኛ ሰፈር ያለው ትምህርት ቤት ራሱ ክፍሉ ግማሽ ባዶ ነው። ቤት ኪራይ ሰዉን አባሮት ልጅ የለም። ገንዘብ ደግሞ በልጅ ቁጥር ነው የሚመጣው። ሃያ ልጅ ወደ አዲሱ ሲሄድ ገንዘቡም ተከትሎት ይሄዳል። ከዚያ የሚቀነሰው ማነው? ዳይሬክተሯ ናት? አይደለችም። ረዳቶቹ ናቸው።

— ማን ነገረሽ አሉ? … አነበብኩት። ወረቀቱን በሙሉ ለምኜ ቤት አምጥቼ፣ ገጽ አራት ላይ። አራት ጊዜ ነው ያነበብኩት፣ ግን አነበብኩት።

— ጋሼ፣ ሔርሜላን ያውቋታል። … አውቃለሁ እንደሚወዷት። … አይ፣ አሁን ውስጥ ናት፣ የመስሚያ መሣሪያውን ከጆሮዋ አውልቃ ሥዕል ትሥላለች። ስጮህ አትሰማኝም፣ ጥሩ ነው። እና ያ መሣሪያ ክፍል ውስጥ ሠላሳ ልጅ ሲንጫጫ ምንም አይረባም። ረዳቷ ሚስ ሶፊያ ናት አጠገቧ ተቀምጣ፣ ፊቷን ወደ እሷ አዙራ፣ በከንፈሯም በእጇም የምትነግራት። ሁለት ዓመት ሙሉ ትምህርት ቤት አንድ ቃል ያልተነፈሰች ልጅ ናት፤ ባለፈው የገና በዓል ሰሞን እጇን አውጥታ መለሰች ብላ ሚስ ሶፊያ በር ላይ አቅፋኝ አለቀሰች! ባለፈው ሳምንት ደብዳቤ መጣ። በጀቱ እንዲህ ከሆነ ከመስከረም ጀምሮ ሚስ ሶፊያ የለችም ይላል።

— ድሮ ቢሆን ያን ደብዳቤ ለእርስዎ አመጣው ነበር። ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼው ነበር እኮ፣ ለእሁድ። እግዜር ሲያወጣኝ ሃይሚ አይታ አነበበችልኝ።

— ይኖራል? አዲሱ ትምህርት ቤት ውስጥ ረዳት ይኖራል? … ማን አለ? … ያ አዲሱን ትምህርት ቤት የሚከፍተው፣ ቤንጃሚን የሚባለው ሰውዬ? ሱፍ ለባሹ? … መልካም፣ እሱን አነሱልኝ። የዛሬ ሦስት ሳምንት እሁድ እኛ ጋ መጥቶ ሲናገር እጄን አውጥቼ ጠይቄው አልነበር? ምን ነበር የጠየቅኩት? … ይንገሩኝ፣ አስተርጓሚው እርስዎ ነበሩ። … አዎ። «እንደኔ ልጅ ያለች ብትመጣ አጠገቧ የሚቀመጥ ሰው ይኖራል ወይ?» ነው ያልኩት። እርስዎስ ምን ብለው ነገሩት?

— እየጠበቅኩ ነው።

— አላስታውስም አይበሉ! እሺ፣ እኔ ላስታውስዎ። «ይህች እናት ልጇን እዚያ ለማስገባት ቸኩላለች» ነው ያሉት! ሃይሚ ከኋላዬ ነበረች፤ ትናንት ከትምህርት ቤት ስትመለስ ስለ ወረቀቱ ስነግራት ያን ጊዜ አፈነዳችው። «ለምን ያኔ አልነገርሽኝም?» ስላት «ሰው ሁሉ ሲያጨበጭብ አንቺም በጣም ደስ ብሎሽ ነበር፣ እማዬ» አለችኝ። እውነቷን ነው! አጨበጨብኩ! ያልተናገርኩትን ነገር ተናገርሽ ተብዬ ለራሴ አጨበጨብኩ፣ ጋሼ!

— ሃይሚ፣ «ማም፣ ካልም ዳውን» አትበይኝ! … አልጮህኩም። … ጮህኩ እንዴ? … እሺ፣ በሩን ዝጊው። ጎረቤት እንዳይሰማ።

— ሄሎ? … አለሁ። … አይ፣ ይበሉ፣ ይናገሩ። እኔም ልስማ። ለምንድን ነው?

— …

— አዳራሹ። … የትኛው አዳራሽ? … የአዲሱ ትምህርት ቤት። … እሁድ እሁድ ለጸሎታችን። በነፃ። … ለአሥር ዓመት። … እህ።

— አሁን ገባኝ።

— አይ፣ የማይገባኝ አይምሰልዎ። መጸለያ ፍለጋ ሃርልስደን ሰፈር ውስጥ አራት የኪራይ ቤት ዞረናል፣ ከአራቱም ውጡ ተብለናል። አሁን ያለንበትንስ ማን ያውቀዋል ከእኔ በላይ? ቅዳሜ ይጨፈርበታል፣ እሁድ በጠዋት ጠርሙስ የምለቅመው እኔ ነኝ። ወለሉ በቢራ ተጣብቆ ጫማ ይይዛል። አጥቤው አጥቤው ሽታው አይለቅም፣ እዚያ ላይ ነው ተንበርክከን የምንጸልየው። ጉልበቱ የእኔም ጉልበት ነው እኮ! አዳራሽ አልፈልግም ያለ ማነው? ግን በሔርሜላ ጆሮ ነው የሚገዛው? በሷ ጆሮ ተገዝቶ እዚያ ገብቼ ምን ብዬ ነው የምዘምረው?

— ቢነግሩንስ ምን ነበረበት? ጉባኤውን ሰብስበው «አዳራሽ ልናገኝ ነው፣ በሌላ በኩል ላይብረሪው ይዘጋል፣ ረዳቶቹ ይቀነሳሉ፣ ምን ትላላችሁ?» ቢሉን? ግማሹ እሺ ይልዎት ነበር ይሆናል። … እኔ? እኔ እንጃ። ምን እንደምል አላውቅም። አልጠየቁኝማ!

— … አልረሳሁም።

— አልረሳሁም ጋሼ። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ አልረሳሁም። ሂትሮው በነጠላ ጫማ ስወርድ ካፖርትዎን አውልቀው ያለበሱኝ እርስዎ ነዎት። የቤቱን ፎርም አፕላይ ያደረጉልኝ እርስዎ ነዎት። የሔርሜላን ምርመራ ካምደን ድረስ ወስደው፣ ሐኪሙ «አትሰማም» ሲል ቃሉን አለስልሰው የነገሩኝ እርስዎ ነዎት። ለዚህ ነው እኮ የሚያመኝ! የማላውቀው ሰው ቢያደርገው ረግሜው እተኛ ነበር። እርስዎ «እዚህ ጋ ፈርሚ» ሲሉኝ ምን ይላል ብዬ ጠይቄዎ አውቃለሁ? አንድ ቀን? አንድ ቀን ጠይቄዎ አውቃለሁ?

— እንግዲህ አንድ ነገር ነው የምለምንዎ። ስሜን ያውጡልኝ። የእኔንም የቤተሰቤንም። … ገብቷል? … አውቃለሁ መግባቱን። ቢገባስ ማውጣት አይቻልም? … እህ። … የስሙ ባለቤት በጽሑፍ ሲጠይቅ። … ዛሬ፣ በነሱ እስከ አምስት ሰዓት። በኢሜይል። … እሺ። በጽሑፍ ነዋ።

— ምን አሉ?

— …

— አይ፣ ሰምቻለሁ። እንዲደግሙት ነው የፈለግኩት። … አይመልሱት፣ አንዴ ወጥቷል። «ማን ይጽፍልሻል?» አሉኝ።

— ሃይሚ፣ ስንት ሰዓት ነው? … በነሱ አራት ተኩል? … ወረቀት አምጪልኝ። … የሂሳብ ደብተርሽን አይደለም፣ ደህና ወረቀት! እስክሪብቶም። … አንቺ አትጽፊውም። ቁጭ በይ፣ ሌዊን ያዢ።

— ጋሼ፣ አይዝጉት። … አይሆንም፣ አይዝጉት። እኔ ስንት እሁድ ፖስታዬን በእጄ ይዤ፣ እርስዎ ሰላምታዎን እስኪጨርሱ ጥግ ላይ ቆሜ ጠብቄዎታለሁ። ዛሬ አንድ ጊዜ ይጠብቁኝ።

— …

— መስመር ላይ አሉ? … እየጻፍኩ ነው። … ስሜ አለቀ። እሱስ ቀላል ነው።

— ሃይሚ፣ አትንገሪኝ! ቁጭ በይ አልኩሽ። «ባስ» እንዴት እንደሚጻፍ አጥቼው ነው? አስፋልቱ ላይ በነጭ ቀለም እንዲህ ትልቅ ሆኖ ተጽፎ በየቀኑ እረግጠዋለሁ። … ይኸው። ቢ። ዩ። ኤስ።

— … «ሳይን»፣ መፈረም የሚለው፣ ግን ከባድ ነው። መሐሉ ላይ የማይነበብ ፊደል አለው ብላ ነበር አስተማሪዬ። … ይሄን እንኳ ጠየቅኩሽ፣ ሃይሚ። ይቺን አንዷን። … እሺ። እሺ፣ አሁን ዝም በይ።

— …

— ጋሼ፣ አሉ? … መኪናው ውስጥ በረደዎት? … ጨረስኩ። እስከ ዛሬ እርስዎ ሲያነቡልኝ ኖረዋል፣ ዛሬ ደግሞ እኔ ላንብብልዎ። የተጻፈው በእንግሊዝኛ ነው፣ በአማርኛ ልተርጉምልዎ። አይፍሩ፣ ያለውን ነው የምተረጉመው።

— «ስሜ ጌጤነሽ ነው። ለአውቶቡስ ፈረምኩ። ለትምህርት ቤት አልፈረምኩም። ስሜን አውጡ። ሳህሌን፣ ሃይሚን፣ ሔርሜላን አውጡ። ሌዊ ሕፃን ነው። ሚስ ሶፊያ ትቆይ።»

— አለቀ። … አዎ፣ አጭር ነው። ሌላ ቃል ገና አልተማርኩም። … ሳህሌን ጠይቄዋለሁ፣ ጠዋት ሲወጣ «አውጪኝ» ብሎኛል። አልታየሽም አሁን ትመጣለች፣ የሷን አብረን እንጽፋለን።

— ሃይሚ፣ በስልክሽ ፎቶ አንሺና ላኪው። ኢሜይሉ ገጽ አንድ ላይ ከታች አለ። … ስህተት አለው? የቱ ጋ? … ይነበባል ወይ? … ከተነበበ ተይው። እንዳለ ላኪው።

— አቤት፣ ጋሼ። … ስብሰባውማ እመጣለሁ። … አዎ፣ ቀሚሴን ለብሼ። ሔርሜላንም ይዤ። ያን ጥያቄ ደግሜ እጠይቀዋለሁ፣ በራሴ እንግሊዝኛ፣ እየተንገዳገድኩም ቢሆን። … ቢስቁ ይሳቁ። … እርስዎማ ያው ፊት ወንበር ላይ ይቀመጡ። ቁጭ ብለው ይስሙ። መተርጎም አያስፈልግም።

— … ድምፅ ሰጥተው ቢያሸንፉስ? … ያሸንፉ ይሆናላ። ምን አውቃለሁ? ግን በእኔ ስም አይሆንም።

— እሁድ? … እመጣለሁ እንጂ! ቤተ ክርስቲያኑ የእርስዎ ብቻ ነው እንዴ? ወለሉንስ ማን ሊያጥበው ነው? … አይ፣ አልሸሽግዎትም፣ አኩርፌያለሁ። በጣም ነው ያኮረፍኩት፣ ቶሎም አይለቀኝም። … ግን መወልወያው ሁለት ነው። እርስዎም በጊዜ ይምጡ።

— ላክሽው? … ሄደ? ስንት ሰዓት ይላል? … በነሱ አራት ከሃምሳ ሁለት።

— ሄደ፣ ጋሼ። ይበሉ ልዝጋው፣ ቀሚሴን መተኮስ አለብኝ።